በፍቺ ወቅት ከቤት የሚወጣው ማን ነው? ሸሪዓውና የሀገራችን ሕግ ምን ይላሉ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ባልና ሚስት ተካረው ነገሩ ወደ ፍቺ ሲያመራ፣ ከአፍ የሚወጣው የመጀመሪያው ቃል ብዙ ጊዜ «ከቤቴ ውጪልኝ» የሚል ነው። ከዚያ የበሩ ቁልፍ ይቀየራል፤ ልብሷ በማዳበሪያ ታስሮ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል፤ ልጆች ከእናታቸው ጋር ጎረቤት ያድራሉ። በሌላው ቤት ደግሞ ማንም ሳያባርራት፣ ጦላቅ መሰጠቷን በሰማችበት ዕለት ጓዟን ጠቅልላ ወደ ወላጆቿ የምትሄድ እህት አለች። አንዳንዴም የሚስት ወንድሞች ተሰብስበው ባልን አንገቱን ይዘው ያስወጡታል። ይህ ሁሉ በማኅበረሰባችን ውስጥ «ያለ ነገር ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ያለ ነገር መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ሸሪዓውም አያውቀውም፣ የሀገራችን ሕግም አይፈቅደውም። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ዋና ነጥብ አንድ ነው፦ በፍቺ ወቅት ባልም ሆነ ሚስት ሌላውን በገዛ እጃቸው ከቤት የማስወጣት መብት የላቸውም። አንዱ መውጣት ካለበትም የሚወጣበት መንገድ አለው። ያ መንገድ ምን እንደሆነ በመጀመሪያ ከዲናችን፣ ቀጥሎ ከሀገሪቱ ሕግ እንመለከታለን።

ቁርኣን ቤቱን «ቤታቸው» አለው

በሱረቱ-ጦላቅ (ምዕራፍ 65) የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ.) ሴቶችን የሚፈቱ ሰዎች ዒዳቸውን ጠብቀው እንዲፈቱ፣ ዒዳውንም እንዲቆጥሩ ካዘዘ በኋላ ሁለት ክልከላዎችን አስቀምጧል። የመጀመሪያው ለባል ነው፤ ከቤታቸው አያስወጣቸው። ሁለተኛው ለሚስት ነው፤ እርሷም አትውጣ። ከዚህ የተለየው ግልጽ የሆነ ፀያፍ ተግባር ሲፈጸም ብቻ ነው። ይህም የአላህ ድንበር መሆኑንና ድንበሩን የተላለፈ ሰው ነፍሱን እንደበደለ አንቀጹ ያስጠነቅቃል።

እዚህ ላይ ሙፈሲሮች ልብ እንድንል የሚፈልጉት አንድ ቃል አለ። ቤቱ በአብዛኛው የባል ሆኖ ሳለ አንቀጹ ወደ ሚስቶች አስጠግቶ «ቤታቸው» ይለዋል። ይህ ማለት የቤቱ ባለቤትነት ወደ እርሷ ተዛውሯል ማለት አይደለም። የመኖር መብቷ ግን እንደ ባለቤት የጸና ነው፤ «ቤቱ የእኔ ነው» የሚለው ንግግር እርሷን ለማስወጣት ምክንያት አይሆንም ማለት ነው።

የአንቀጹ መጨረሻም ጥበቡን ይነግረናል። ከዚያ በኋላ አላህ ሌላ ነገር ሊያመጣ ይችላል። ዑለማዎች ይህን የልብ መመለስና መታረቅ ነው ብለው ያብራሩታል። ጦላቅ በቁጣ ሰዓት የተሰጠ እንደሆነ ቁጣው ይበርዳል። ሚስት እዚያው ቤት ካለች መመለሱ የአንድ ቃል ነገር ነው። ቁልፉ ተቀይሮ፣ ዕቃው ተጭኖ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ከተሰዳደቡ በኋላ ግን ባል ቢጸጸት እንኳ መመለሻው መንገድ ረጅም ይሆናል። ስለዚህ የቤት ውስጥ ቆይታው ለሚስት መጠለያ፣ ለትዳሩም የመጨረሻ ዕድል ነው።

ጦላቁ ምን ዓይነት ነው?

ትክክለኛውን መልስ ለማግኘት መጀመሪያ የጦላቁን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል።

አንደኛው ረጅዒይ ነው፤ ማለትም ባል በዒዳው ውስጥ ያለ አዲስ ኒካሕ ሚስቱን መመለስ የሚችልበት የመጀመሪያው ወይም የሁለተኛው ጦላቅ። በዚህ ጊዜ ሚስት በብዙ ነገሮች ገና ሚስት ናት። ነፈቃ (ቀለብ) እና መኖሪያ እንደሚገባት ዑለማዎች ተስማምተዋል።

ሁለተኛው ባኢን ነው፤ ለምሳሌ ሦስተኛው ጦላቅ። እዚህ ላይ መዝሀቦች ተለያይተዋል። ሐነፊዮች ነፈቃም መኖሪያም አላት ይላሉ። ሻፊዒዮችና ማሊኪዮች መኖሪያ አላት፤ ነፈቃ ግን ነፍሰ ጡር ከሆነች ብቻ ነው ይላሉ። በሐንበሊዮች ዘንድ በታወቀው አቋም ነፍሰ ጡር ካልሆነች ሁለቱም የሏትም፤ ማስረጃቸውም የፋጢማ ቢንት ቀይስ ሐዲስ ነው። በሀገራችን በስፋት የሚታወቁት የሻፊዒ፣ የሐነፊና የማሊኪ መዝሀቦች በመሆናቸው፣ ሦስቱም በሚስማሙበት ነጥብ ላይ በሦስት የተፈታች ሴት እንኳ እስከ ዒዳዋ ፍጻሜ መኖሪያ አላት ማለት ነው።

ዒዳው ስንት ነው? የወር አበባ የምታይ ሴት ሦስት «ቁሩእ» ትጠብቃለች። ሻፊዒዮች ይህን ሦስት ንጽህና፣ ሐነፊዮች ሦስት የወር አበባ ብለው ይረዱታል። የወር አበባ የማታይ ሴት ሦስት ወር ትጠብቃለች። ነፍሰ ጡር እስክትወልድ ነው። ከኒካሕ በኋላ ሳይገናኙ የተፋቱ ግን ዒዳ የለባቸውም።

«አትውጣ» ማለት ታሰረች ማለትም አይደለም። በሶሒሕ ሙስሊም እንደተዘገበው፣ የጃቢር (ረ.ዐ.) አክስት ተፈትታ በዒዳ ላይ ሳለች የተምር ዛፎቿን ፍሬ ልትለቅም ፈለገች፤ አንድ ሰው ሲገስጻት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሄደች፤ እርሳቸውም ፈቀዱላት። በዚህ መሠረት ብዙኀኑ ዑለማዎች ለሥራና ለጉዳይ በቀን መውጣቷን ይፈቅዳሉ። የተከለከለው መኖሪያዋን ለቃ መሄዷ ነው።

ሥጋት ካለስ? ፋጢማ ቢንት ቀይስ ዒዳዋን በሌላ ቤት እንድትፈጽም ስለተፈቀደላት ምክንያት እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ሲያስረዱ፣ ቦታው ጭር ያለ ስለነበረና ለደኅንነቷ ስለተፈራላት ነው ብለዋል። ስለዚህ በሕይወቷ፣ በአካሏ ወይም በክብሯ ላይ አደጋ ያለባት እህት «ዒዳዬን እዚሁ ካልጨረስኩ ኃጢአት ነው» ብላ ዱላ ሥር እንድትቀመጥ ሸሪዓው አያስገድዳትም።

ቤቱ ለሁለት ከጠበበስ?

ይህ ዛሬ በከተማ የሚኖር ሰው ሁሉ የሚያነሳው ጥያቄ ነው። ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ወይም አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ የተፋቱ ሰዎች እንዴት አብረው ይቆያሉ?

የድሮዎቹ ፉቀሃዎች ይህን በዝርዝር ተመልክተውታል። ሻፊዒዮች ከጦላቅ በኋላ፣ ረጅዒይ ቢሆንም እንኳ፣ ባልና ሚስት ብቻቸውን እንዳይገለሉ ይከለክላሉ። አብረው በአንድ ግቢ የሚቆዩ ከሆነ የእርሷ መሕረም መኖር አለበት፤ አለዚያ የእርሷ ክፍል በር፣ ማብሰያና መጸዳጃ የተለየ መሆን አለበት። ሐነፊዮች በረጅዒይ ጦላቅ ላይ ሰፋ ያደርጉታል፤ እንዲያውም ባል ይመለስ ዘንድ ሚስት ብታጌጥ ይወዳሉ። በባኢን ጊዜ ግን መለያየታቸው ግድ ነው።

ቤቱ ጠቦ ሁለቱን መለየት ካልተቻለ አንዱ ይወጣል። ማን? በሐነፊ ፊቅሕ መጻሕፍት ሚስት ወደ ሌላ ቦታ መዛወር ብትችልም የባል መውጣት የተሻለ መሆኑ ተጽፏል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። እርሷ በዚያ ቤት እንድትቆይ በአላህ ቃል ታዝዛለች፤ እርሱ ግን እንዲህ ዓይነት ግዴታ የለበትም። «ወንድ ልጅ ከገዛ ቤቱ ይወጣል እንዴ?» ለሚል ወንድም መልሳችን ይህ ነው፦ ሦስት ወር ወንድምህ ቤት ማደር ውርደት አይደለም፤ የልጆችህን እናት ደጅ ማሳደር ግን የአላህን ድንበር መተላለፍ ነው።

«ግልጽ የሆነ ፀያፍ ተግባር» የተባለውስ?

አንዳንድ ባሎች ይህን ሐረግ ይዘው «ተሳደበች፣ ስለዚህ ላስወጣት እችላለሁ» ይላሉ። ዑለማዎች ስለ ሐረጉ የተለያየ ማብራሪያ ሰጥተዋል። ከፊሎቹ በማስረጃ የተረጋገጠ ዝሙት ነው ብለዋል። ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) የተላለፈው ደግሞ የባልን ቤተሰብ በአንደበቷ የምታሰቃይ ሴትንም ይጨምራል። ይሁንና በጠብ መካከል የወጣ አንድ ክፉ ቃል እና ቤተሰቡን መኖሪያ የሚያሳጣ የማያቋርጥ ጥቃት አንድ አይደሉም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሳሽም ዳኛም አስፈጻሚም ባል ራሱ ሊሆን አይችልም። ይህን የሚመዝነው ቃዲ ነው።

የሀገራችን ሕግ ምን ይላል?

አሁን ወደ ሀገሪቱ ሕግ እንምጣ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይሠራል። ብዙ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ያላቸው በመሆኑ በክልል የምትኖሩ የየክልላችሁን ሕግ ጠይቁ፤ በብዙ ነገር ይቀራረባሉ።

በዚህ ሕግ መሠረት ፍቺን የመወሰን ሥልጣን የፍርድ ቤት ብቻ ነው። ባል በቤቱ፣ በስልክ ወይም በጽሑፍ መልእክት የተናገረው ጦላቅ በሸሪዓ የሚያስከትለው ነገር ቢኖርም፣ በፍርድ ቤት እስካልተረጋገጠ ድረስ በሕግ ፊት ጋብቻው እንዳለ ይቆጠራል። ስለዚህ «ፈትቻታለሁ፣ እንግዳ ናት» ብሎ በር መዝጋት ሕጋዊ መሠረት የለውም።

የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ምን እንደሚደረግ አንቀጽ 82 ይዘረዝራል። ፍርድ ቤቱ በመጀመሪያ ባልና ሚስቱን በተናጠል ወይም በአንድነት አነጋግሮ እንዲታረቁ ይሞክራል። ካልሆነ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች ጉዳያቸውን እንዲጨርሱ ሊመራቸው ይችላል። ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጣቸው ይችላል። የቁርኣንን ዒዳ ለሚያውቅ ሙስሊም ይህ እንግዳ አይደለም። አንዱ ከሌላው ተቀድቷል ለማለት ሳይሆን፣ ቁጣ እስኪበርድ ጊዜ ያስፈልጋል በሚለው ላይ ሁለቱ መገናኘታቸውን ለማሳየት ነው። በሱረቱ-ኒሳእ (4፥35) ከባልም ከሚስትም ወገን ሸምጋይ እንዲላክ የታዘዘውም ለዚሁ ነው።

በዚሁ አንቀጽ ውስጥ ለጉዳያችን ቁልፍ የሆኑ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ ፍርድ ቤቱ አቤቱታው እንደደረሰው ወዲያውኑ ስለ ባልና ሚስቱ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆች አጠባበቅና ቀለብ፣ ስለ ንብረቱም አስተዳደር ተገቢውን ትዕዛዝ መስጠት አለበት። የፍቺው ውሳኔ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ሁለተኛው፣ ከሁለቱ አንዱ ከጋራ መኖሪያቸው መውጣት አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ ፍርድ ቤቱ ሁለት ነገሮችን ይመዝናል፤ የልጆቹን ጥቅም፣ እንዲሁም ከቤቱ በመውጣት የበለጠ የሚጎዳው ማን እንደሆነ።

እነዚህን ሁለት መመዘኛዎች ልብ በሉ። ሕጉ «የቤቱ ካርታ በማን ስም ነው?» ብሎ አልጀመረም። «የቤት ኪራዩን የሚከፍለው ማን ነው?» ብሎም አልጀመረም። ትምህርት ቤታቸው እዚያው ሰፈር የሆነ ሦስት ልጆች ከእናታቸው ጋር ካሉ፣ እርሷም ሌላ መጠጊያና ገቢ ከሌላት፣ ባል ደግሞ ደመወዝና የሚያድርበት ዘመድ ካለው ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል መገመት አያስቸግርም። ነገሩ የተገላቢጦሽ ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ ባል አካል ጉዳተኛ ወይም ታማሚ ሆኖ ልጆቹም ከእርሱ ጋር ከሆኑ፣ ይኸው መመዘኛ እርሱን ይጠብቃል።

መውጣትና ባለቤትነትን ማጣት የተለያዩ ናቸው

ብዙ ሰው የፍርድ ቤትን ትዕዛዝ የሚፈራው «ከወጣሁ ቤቱን አጣሁ» ብሎ ነው። ይህ ስሕተት ነው። በፍቺ ሂደት ውስጥ ከቤት የመውጣት ትዕዛዝ ጊዜያዊ ነው፤ ባለቤትነትን አያስተላልፍም። ንብረቱ የማን እንደሆነ ለብቻው ተጣርቶ ይወሰናል።

በቤተሰብ ሕጉ መሠረት ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ ወይም በጋብቻ ጊዜ በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ ንብረት የግል ነው። በጋብቻ ውስጥ በሥራ የተገኘ ገቢና በእርሱ የተፈራ ንብረት ግን የጋራ ነው። ንብረቱ በአንዳቸው ስም ብቻ የተመዘገበ ቢሆን እንኳ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር የጋራ እንደሆነ ይገመታል። የጋራ የሆነን ቤት አንዱ ብቻውን መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማከራየት ወይም በመያዣነት መስጠት አይችልም፤ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ያለ ስምምነት የተደረገ ከሆነ ሌላው መኖሩን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ በማንኛውም ሁኔታ ግን ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ውሉ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል።

ይህ ነጥብ በተለይ በዐረብ ሀገር ለሚሠሩ እህቶቻችን ወሳኝ ነው። በሪያድ ወይም በዱባይ ለዓመታት ሠርታ የላከችው ገንዘብ በባሏ ስም ቤት ሆኖ ይቆማል፤ ከዚያ የጦላቅ ቃል በስልክ ይደርሳታል፤ ስትመለስ ቤቷ ውስጥ ሌላ ሰው ታገኛለች። በሸሪዓ ሴት የሠራችው ገንዘብ የራሷ ነው፤ ባል ያለ ፈቃዷ አንድ ብር እንኳ የመውሰድ መብት የለውም። ነገር ግን የላከችው በስጦታ ነው፣ በብድር ነው ወይስ ለጋራ ቤት መሥሪያ? ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ የሐዋላና የባንክ ደረሰኞችን፣ ስለ ቤቱ የተጻጻፋችሁትን መልእክት አስቀምጡ። ገንዘብ ስትልኩም «ይህ ለዚህ ጉዳይ ነው» ብላችሁ ጻፉ። ዕዳን መጻፍ ቁርኣን ያዘዘው ነገር ነው፤ አለመተማመን ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ሸሪዓ ፍርድ ቤት ወይስ መደበኛ ፍርድ ቤት?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ይፈቅዳል። በዚህ መሠረት የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተደራጁ ሲሆን ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ቀለብንና የልጆችን አሳዳጊነት የመሳሰሉ ጉዳዮችን ያያሉ። ክልሎችም የየራሳቸው የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አሏቸው። የሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚወስነው በእስልምና ሕግ ነው፤ የክርክሩ ሥነ ሥርዓት ግን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው።

የሥልጣኑ ምንጭ ፈቃድ ነው። ከሁለቱ አንዱ በግልጽ ካልፈቀደ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ከዓመታት በፊት በአንድ የውርስ ቤት ክርክር ላይ ያለ ፈቃድ የተሰጠ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ወስኗል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት አደገኛ ነገር አለ። መጥሪያ በትክክል ደርሶት ያልቀረበ ሰው በሸሪዓ ፍርድ ቤቱ መዳኘትን እንደተቀበለ ይቆጠራል፤ ጉዳዩም በሌለበት ይታያል። ስለዚህ «አልሄድም፣ ይተውታል» ብሎ ቤት መቀመጥ እምቢታ አይደለም፤ እሺታ ነው። ብትፈቅዱም ባትፈቅዱም በቀጠሮው ቀን ቀርባችሁ ተናገሩ።

የትኛውን ልምረጥ ለሚል ጥያቄ አንድ መልስ የለም። አማኝ ሰው በሸሪዓ መዳኘትን ቢመርጥ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን ከመፍቀዳችሁ በፊት ስለ ነፈቃው፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ንብረቱ አከፋፈልና ስለ ልጆቹ በሁለቱም በኩል ምን እንደሚያገኛችሁ ዐዋቂ ጠይቃችሁ ተረዱ። ሳያውቁ መፈረም ተቅዋ አይደለም።

ዱላና ማስፈራራት ሲኖር

ድብደባ ባለበት ቤት ውስጥ ሱልሕ ቀዳሚው እርምጃ አይደለም፤ ቀዳሚው ነፍስን ማዳን ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 መሠረት በትዳር ጓደኛ ላይ በኃይል የሚደርስ የአካልም ሆነ የአእምሮ ጉዳት እንደማንኛውም የአካል ጉዳት ወንጀል ያስቀጣል። «የባልና ሚስት ጉዳይ ነው» የሚባል ነገር የለም።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባት እህት ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ ክፍሉን ትጠይቅ። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሄዳ የሕክምና ማስረጃ ትያዝ፤ ከሳምንት በኋላ ሰንበሩ ይጠፋል። ለፍቺ በምታቀርበው አቤቱታ ላይም ጥቃቱን ዘርዝራ ባል ከቤት እንዲወጣ ትዕዛዝ እንዲሰጥላት ትጠይቅ። ከቤት የሸሸችው ለነፍሷ ፈርታ ከሆነ መሸሿ መብቷን አያሳጣትም፤ ቶሎ ማመልከት ግን ያስፈልጋል።

በሌላ በኩል ባልን ከቤት ለማስወጣት ሲባል ያልተፈጸመ ድብደባ ተፈጸመ ብሎ መክሰስ ከባድ ዙልም ነው። የሐሰት ምስክርነት ከታላላቅ ወንጀሎች መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስጠንቅቀዋል። በሀገሪቱ ሕግም ያስጠይቃል።

በተግባር ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ሰነድ ያዙ። የኒካሕ ወይም የጋብቻ ማስረጃ፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የቤቱ ካርታ ወይም የኪራይ ውል፣ የውሃና የመብራት ደረሰኝ፣ የባንክ ማስረጃ። ዋናውን ማግኘት ካልቻላችሁ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ለምታምኑት ሰው ላኩ።

ሁለተኛ፣ ሽማግሌ ካለ ይግባ፤ ነገር ግን የተስማማችሁበት በጽሑፍ ይሁን። «እስከ ዒዳው መጨረሻ እርሷ ትቀመጥ፣ እርሱ ይህን ያህል ብር ይስጥ» የሚል ሁለቱም የፈረሙበትና ምስክሮች ያሉበት ወረቀት ከመቶ የቃል ተስፋ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ስምምነት ከሌለ አቤቱታ አቅርቡ። በአቤቱታው ላይ ፍቺን ብቻ አትጠይቁ። ጊዜያዊ ቀለብ፣ የልጆች አጠባበቅ፣ ከሁለታችሁ ማን በቤቱ እንደሚቆይ፣ ቤቱም እንዳይሸጥ ወይም እንዳይተላለፍ የዕግድ ትዕዛዝ በግልጽ ጠይቁ። ያልተጠየቀ ነገር ብዙ ጊዜ አይሰጥም። ምክንያታችሁን በልጆቹ ጥቅምና ማን የበለጠ እንደሚጎዳ ላይ መሥርቱ።

አራተኛ፣ ትዕዛዝ ከወጣ የሚያስፈጽመው ፍርድ ቤቱ በሚያዘው መንገድ ነው እንጂ ወንድምና አጎት አይደሉም። ትዕዛዝ የደረሰበት ወገንም ቅሬታ ካለው አቤት ይበል እንጂ በር አይስበር።

አምስተኛ፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌላት እህት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን፣ በየአካባቢዋ ያለውን የሴቶች ጉዳይ ቢሮ፣ ወይም የሕግ ትምህርት ቤት ባለባቸው ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠውን ነፃ የሕግ ድጋፍ ትጠይቅ።

ከሀገር ውጪ ላላችሁ

በአሜሪካና በአውሮፓ የምትኖሩ ወንድሞችና እህቶች፣ በመስጂድ የተሰጠ ጦላቅ በምትኖሩበት ሀገር ሕግ ማንንም ከቤት አያስወጣም። በዚያም የሚሠራው የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በቨርጂኒያ ፍርድ ቤት በፍቺ ሂደት ላይ የቤተሰቡን ቤት አንዱ ብቻ እንዲጠቀምበት ሊያዝ ይችላል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የቤተሰብ ሕግ ማን በቤቱ እንደሚኖር ፍርድ ቤቱ እንዲወስን ይፈቅዳል። በጀርመንም ፍርድ ቤት የተለያዩ ባልና ሚስት ቤት ለአንዳቸው እንዲሰጥ ሲወስን የልጆችን ደኅንነት ይመዝናል። የመኖሪያ ፈቃዷ በባሏ ላይ የተመሠረተ እህት «ካስወጣኝ ሀገር ለቅቄ መሄዴ ነው» ብላ ዝም ከማለቷ በፊት የስደተኞችን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ታማክር።

ለማጠቃለል

አላህ (ሱ.ወ.) ባሎችን ወይ በመልካም እንዲይዙ፣ ወይ በበጎ እንዲያሰናብቱ አዟል (2፥229)፤ ለመጉዳት ብለው እንዳይዙም ከልክሏል (2፥231)። ፍቺ ሐላል ነው፤ ማዋረድ ግን ሐላል አይደለም። ቁልፍ የቀየረ ሰው ክርክሩን ያሸነፈ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን በዱንያ ፍርድ ቤት፣ በአኺራም ከዚያ የሚበልጥ ፍርድ ይጠብቀዋል።

ለኢማሞቻችንና ለሽማግሌዎቻችንም አንድ አደራ አለን። ሰዎች ጦላቅ ሊያስመዘግቡ ወይም ሊማከሩ ወደ እናንተ ሲመጡ «አሁን የት ነው ያለችው? ማን ነው የሚያበላት? ልጆቹስ የት አደሩ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ በወቅቱ ቢጠየቅ ብዙ እናቶች ደጅ አያድሩም ነበር።

ይህ ጽሑፍ ጠቅላላ ግንዛቤ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው፤ ፈትዋም የጠበቃ ምክርም አይደለም። የእያንዳንዱ ቤት ጉዳይ የተለየ ስለሆነ ዓሊምና የሕግ ባለሙያ አማክሩ።

አላህ ትዳራችንን ያጽናልን፤ መለያየት ግድ ለሆነባቸውም ፍትሕንና መልካም ጠባይን ይስጣቸው። ወላሁ አዕለም።